ስለ ቢልሃርዚያ ስትጽፉ ቀንድ አውጣውንም አንሱልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ለተማሪዎች ስለሚታደለው የቢልሃርዚያ ክኒን ያወጣችሁትን ዘገባ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ክኒኑ ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ይውሰዱት፣ በሱ ላይ ምንም ክርክር የለኝም። ግን ያን ሁሉ ስትጽፉ ቀንድ አውጣ የሚለው ቃል አንዴም አለመነሳቱ በጣም ከነከነኝና ነው ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው። እኔ እዚሁ ጎንደር ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ወንዞቻችን ውስጥ ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ከተማሪዎቼ ጋር እየሰበሰብን እንለካለን፣ እና የምለው ነገር አንድ ነው፤ ቀሃ፣ አንገረብ፣ መገጭና ጣና ዳር ያሉት ቀንድ አውጣዎች በየወሩ ይለኩ፣ የተለካውም ክኒን ለሚያድለውና ቦይ ለሚቆፍረው ሰው ይድረስ።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ቢልሃርዚያ ሰው ውስጥ የሚኖር ትል የሚያመጣው በሽታ ነው፣ በሽታው ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ እዛ ይፈለፈልና ሚራሲዲየም የሚባል እጭ ይወጣል፣ ይሄ እጭ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ በሰዓታት ውስጥ ካላገኘ ይሞታል፣ በቃ አለቀ። ካገኘ ግን ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ አንድ ወር ገደማ ይራባል፣ ከዛ ሰርካሪያ የሚባሉት እጮች በሺዎች እየሆኑ ወደ ውሃው ይወጣሉ፣ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ በስተው ለመግባት ደቂቃዎች ይበቋቸዋል። እነሱም ሰው ካላገኙ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይኖሩም። ስለዚህ ትክክለኛው ቀንድ አውጣ የሌለበት ውሃ ምንም ቢቆሽሽ (ሌላ ሌላ በሽታ ሊያመጣ ይችላል) ቢልሃርዚያ አያስይዝም፣ ኩልል ያለ የሚመስል ውሃ ደግሞ ቀንድ አውጣው ካለበት ሊያስይዝ ይችላል። የእኛን ሀገር አንጀትና ጉበት የሚጎዳውን ዓይነት፣ ማለትም ስኪስቶሶማ ማንሶኒን፣ በብዛት የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ የሚባለው ቀንድ አውጣ ነው።

ሰርካሪያው ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ደግሞ በብርሃን ነው፣ በተለይ ፀሐይ ሲበረታ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ በጣም ይበዛል። እስኪ አስቡት፣ እናቶቻችንና እህቶቻችን ልብስ የሚያጥቡት መቼ ነው? ልጆች ቅዳሜና እሁድ ዋና የሚሉትስ መቼ ነው? ልብስ ፀሐይ ሳይሄድ እንዲደርቅ ተብሎ ልክ በዛ ሰዓት ነው። ይሄን ለሰው ለመንገር በጀት አያስፈልግም።

ሁሉም ቀንድ አውጣ ጥፋተኛ አለመሆኑንም ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ልጆች ከሰሙ በኋላ ያገኙትን ሁሉ በድንጋይ መጨፍለቅ ይጀምራሉ። ባዮምፋላሪያ ጠፍጣፋ ነው፣ እንደተጠቀለለ ገመድ፣ ወደ ላይ የወጣ ጫፍ የለውም፣ ትልቁ ከ15 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። ጫፍ ያላቸውን ለመለየት ደግሞ ጫፉን ወደ ሰማይ አፉን ወደራሳችሁ አድርጋችሁ ያዙት፣ አፉ በቀኝ በኩል ከሆነና ክዳን ከሌለው ብዙ ጊዜ ሊምኒያ ነው፣ ይሄ የከብት የጉበት ትል የሚያስተላልፈው ነው፣ አፉ በግራ በኩል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡሊነስ ነው። ብዙ ጊዜ የምለው ፊዛ የሚባል ከውጭ የመጣ ቀንድ አውጣም አፉ በግራ ስለሆነ ሰው ስለሚያምታታ ነው። ረጅምና ሹል ሆኖ አፉ ላይ ክዳን ካለው ሜላኖይደስ ነው፣ እሱ ቢልሃርዚያ አያስተላልፍም፣ እንቁላል ሳይጥል ልጆቹን የሚወልድ ደስ የሚል ፍጥረት ነው። ቡሊነስን ያገኘ ሰውም ወዲያው አይደንግጥ፣ እሱ የሚያስተላልፈው በሽንት የሚወጣው የቢልሃርዚያ ዓይነት በሀገራችን የሚታወቀው ቆላው ላይ፣ አዋሽ ሸለቆ፣ ዋቢ ሸበሌና ኩርሙክ አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስነግራቸው ብዙ ሰዎች "ቀንድ አውጣ መለካት ደግሞ ምን ያደርጋል" ይሉኛል። ከነሱ ውስጥ የተማሩም አሉ። አለካኩ ከባድ አይደለም፣ ቨርኒየር ካሊፐር የሚባለው መለኪያ ይበቃል፣ የሚሊሜትር አንድ አስረኛ ያሳያል፣ ፊዚክስ ላብራቶሪ ያለው ሃይስኩል ውስጥ አይጠፋም። ጠፍጣፋውን ባዮምፋላሪያ ከአፉ ጠርዝ ተነስታችሁ በመሃሉ አልፋችሁ እስከ ማዶው ጠርዝ ያለውን ሰፊውን ስፋት ትለካላችሁ፣ ከዛ ውፍረቱን፣ ከዛ የአፉን ቁመትና ስፋት። ጫፍ ያላቸውን ደግሞ ከጫፉ እስከ አፉ የታችኛው ከንፈር ያለውን ቁመት፣ ሰፊው ቦታ ላይ ያለውን ወርድ፣ የአፉን ቁመትና ወርድ፣ ጥቅልሉ ስንት ዙር እንደሆነም ትቆጥራላችሁ። ወርዱን ለቁመቱ ስታካፍሉት የሚመጣው ቁጥር የዛጎሉን ቅርጽ ይነግራችኋል፣ በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ዓይነቶች እዚህ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። እርግጥ ዛጎል ብቻውን ሁሌ አይበቃም፣ ያው አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣም እንደሚኖርበት ውሃ ቅርጹን ይቀያይራል፣ ካልሲየም ያነሰው ውሃ ውስጥ ዛጎሉ ይሳሳል፣ አንዳንድ ዓይነቶች ወራጅ ውሃ ውስጥ ሲያድጉ ድንጋይ ለመያዝ እግራቸው ስለሚሰፋ አፋቸውም ይሰፋል። በዚህ ምክንያት ነው አንዱን ወንዝ ለክቶ የሌላውን መናገር የማይቻለው፣ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ መዝገብ ያስፈልገዋል።

የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። ጫፉ የተበላ ዛጎል አለ፣ እሱን ከለካችሁት ቁመቱ ከእውነተኛው ያንሳል፣ ለብቻው መጻፍ አለበት። ባዶ ዛጎል ደግሞ ጎርፍ ከላይ አምጥቶት ሊሆን ስለሚችል ቀንድ አውጣው እዛ ቦታ ይኖራል ማለት አይደለም፣ የሚቆጠረው በሕይወት ያለው ነው። የሞተውን ለማስቀመጥ 70 ፐርሰንት አልኮል ይሻላል፣ ፎርማሊን ውስጥ ዝም ብላችሁ ከከተታችሁት አሲዱ ዛጎሉን ይበላዋል፣ ያኔ የለካችሁት ነገር ትርጉም የለውም። እና እባካችሁ በባዶ እጅና በባዶ እግር ማንም እንዳይሞክረው፣ ቦት ጫማና ረጅም ጓንት ግዴታ ነው፣ የእኔ ተማሪዎች ውሃ ውስጥ አይገቡም፣ ከዳር ሆነው እጀታው ረጅም በሆነ ወንፊት ነው የሚያወጡት።

መጠኑ ለምን ይጠቅማል ላላችሁት፣ መልሱ ጊዜውን ይነግራል ነው። የባዮምፋላሪያ እንቁላል በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለው ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ውሃው ከሞቀለትና የሚበላው ካገኘ በወር በወር ተኩል ራሱ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ደግሞ እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ስለሆነ አንድ ብቻውን የቀረ ቀንድ አውጣ ኩሬውን እንደገና ሊሞላው ይችላል። አንድ ቦታ ላይ በየወሩ ለክታችሁ በመጠን በመጠን ስታስቀምጧቸው፣ ትንንሾቹ የበዙበት ወር ካለ ትንሽ ቀደም ብሎ ብዙ እንቁላል ተጥሏል ማለት ነው፣ ትልልቆቹ ብቻ ከቀሩ መራባቱ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ይሄን ያወቀ ሰው ቀንድ አውጣውን መቼ ማጥፋት እንዳለበት ያውቃል፣ ክኒኑንም መቼ ማደል እንደሚሻል ያውቃል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ይሄ ክኒን እኮ ያደገውን ትል ነው የሚገድለው፣ ሰው ውስጥ ከገባ ጥቂት ሳምንት ብቻ የሆነውን ለጋ ትል እምብዛም አይነካውም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጁ እዛው ውሃ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል፣ ክኒኑ ክትባት አይደለም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለው ሰርካሪያ በበዛበት ወር መሃል የታደለና ወቅቱ ካለፈ በኋላ የታደለ አንድ ዓይነት ውጤት አይኖራቸውም። ወቅቱን ማን ይንገረን? ቀንድ አውጣው ነው የሚነግረን።

ስለ መኖሪያቸው ደግሞ ብዙ የምለው አለኝ፣ እባካችሁ አትቁረጡብኝ። ባዮምፋላሪያ ቀስ ብሎ የሚሄድ ወይም የቆመ ውሃ ይወዳል፣ ውሃው በሴኮንድ ከ0.3 ሜትር በላይ ከፈጠነ አይቋቋመውም፣ ሙቀቱ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በደንብ ይራባል፣ ሣርና ቅጠል ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ይስማማዋል። በሐምሌና ነሐሴ ወንዞቻችን ሲሞሉ አብዛኛውን ጎርፉ ጠርጎ ይወስደዋል፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲቀንስና ኩሬ ኩሬ ሲሆን የተረፉት ይራባሉ፣ በጋው ሲገፋ ያ ኩሬ ልብስ የሚታጠብበትም፣ ከብት የሚጠጣበትም፣ ልጅ የሚዋኝበትም አንድ ቦታ ይሆናል። ውሃው ሲቀንስ ሰውም ቀንድ አውጣውም አንድ ቦታ ይከማቻሉ ማለት ነው። ቀሃና አንገረብ ደግሞ በከተማችን አልፈው መገጭ ይገባሉ፣ መገጭም ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል፣ ከተማ ውስጥ ወንዝ ዳር የተጸዳዳ ሰው የሚያደርገው ነገር ታች ላለው ገበሬ ነው የሚተርፈው። የአንገረብ ግድብም በደለል እየተሞላ ዳር ዳሩ ጥልቀት እያጣ ሣር እየበቀለበት ነው፣ እንዲህ ዓይነት ዳር መታየት አለበት።

ጣና ዳርም እንደዛው ነው። ደንገሉ ሥር፣ ጎርጎራ ታንኳ በሚታሰርበት አካባቢ፣ ውሃው ረጋ ያለበት ሁሉ መፈለግ ያለበት ቦታ ነው። እምቦጭ ደግሞ ጨመረበት። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጣና ላይ የታየው ይሄ አረም ማዕበሉን ያበርደዋል፣ ሥሩ ለቀንድ አውጣ መጠለያም ምግብም እንቁላል መጣያም ይሆናል። ገበሬው ዘመቻ ሲወጣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል በቴሌቪዥን አይተናል፣ ልብ የሚነካ ነገር ነው፣ ግን ቦት ጫማ ያለው ስንቱ ነበር? ከዘመቻው በኋላስ ስንቱ ተመረመረ? እንዲህ ያለ ዘመቻ ሲጠራ ቀድሞ አንድ ሰው ሄዶ ቦታው ላይ ቀንድ አውጣ ቆጥሮ ቢመለስ፣ ባዮምፋላሪያ የበዛበት ላይ በማሽን ወይም በጀልባ፣ የሌለበት ላይ በሰው ኃይል ማለት ይቻል ነበር። የተነቀለው እምቦጭ ወደ ሌላ ቦታ ሲጫንም ሥሩ ላይ ያለው ቀንድ አውጣ አብሮ እንዳይሄድ እዛው ዳር ላይ በደንብ ቢደርቅ ጥሩ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን መስኖ ነው። መስኖ አይሠራ እያልኩ አይደለም፣ የደምቢያ ልጅ ነኝ፣ ውሃ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሴኔጋል ላይ የሆነውን ማየት ነው። ዲያማ የሚባለው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1986 ተሠርቶ አለቀ፣ የባሕሩ ጨው ወደ ወንዙ መግባቱ ቆመ፣ ቦዮቹ ጨው በሌለው ውሃ ተሞሉ፣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሪሻር ቶል የምትባለው የሸንኮራ ከተማ ከዚያ በፊት የማታውቀው የአንጀት ቢልሃርዚያ ወረርሽኝ ገባባት። እኛም ጋ ወንጂ የሸንኮራ ቦዮች ውስጥ ባዮምፋላሪያ ገብቶ ሠራተኛው ለዓመታት ተሰቃይቷል። አሁን መገጭ ላይ ግድብ ተጀምሯል፣ የርብ ግድብም አለ፣ የግድቦቹ ጥናት ላይ ስለ ቀንድ አውጣ ምን እንደተጻፈ ሕዝቡ ማወቅ አለበት። ውሃው ከመለቀቁ በፊት ቦዮቹ የሚያልፉበት ቦታ ላይ የትኛው ቀንድ አውጣ፣ ስንት፣ በምን መጠን እንዳለ ካልተመዘገበ በኋላ ጨመረ ቀነሰ ብሎ መናገር አይቻልም። ቦዩ በሲሚንቶ ቢለበስ፣ ተዳፋቱ ውሃው እንዲፈጥን ቢደረግ፣ ሣሩ በጊዜው ቢታጨድ፣ አልፎ አልፎ ቢደርቅ ቀንድ አውጣ አይመቸውም። ሌሊት ውሃ የሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች ደግሞ ዋነኛ መራቢያ ስለሆኑ ሰው የማይገባባቸው መሆን አለባቸው። ልብስ ማጠቢያ ለብቻው በድንጋይና በሲሚንቶ ተሠርቶ ውሃ በቧንቧ ቢመጣላቸው ሴቶቻችን ወንዝ ውስጥ ቆመው አይውሉም ነበር፣ ይሄ ሁሉ ግድቡ ሲሠራ አብሮ ቢሠራ ርካሽ ነው፣ በኋላ ግን ውድ ነው።

እንዶድን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ አይቶ ነው ምርምሩን የጀመረው፣ በዚህ ሥራ እሱና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እኛ ጋ እንዶድ አጥር ላይ ይበቅላል፣ እናቶቻችን ሸማ ያጠቡበታል፣ ከውጭ በዶላር የሚገዛ አይደለም። ግን ዝም ብሎ አምጥቶ ወንዝ ላይ መድፋት አይሆንም። በደንብ የሚሠራው ሳይበስል በአረንጓዴነቱ ተለቅሞ የደረቀው ፍሬ ነው፣ ዓሣም ይገድላል፣ ስለዚህ ጣና ላይ በፍጹም፣ ዓሣ ያለበት ወንዝ ላይም እንደዛው። ትንሽ ቦይና ዓሣ የሌለበት ኩሬ ላይ ባለሙያ ባለበት ይሞከር። ደግሞ ቀንድ አውጣውን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፣ እንቁላሉ ተፈልፍሎ ትንንሾቹ ሲወጡ፣ እነሱም እንቁላል ለመጣል ሳይደርሱ፣ እንደገና መደረግ አለበት። ያ ቀን መቼ ነው የሚለውን የሚነግረን እዛ ቦታ ላይ በካሊፐር የተለካው መጠን ነው፣ ያለሱ በግምት ነው የምንሄደው፣ ግምት ደግሞ እንዶዱንም ጉልበቱንም ያባክናል።

የከብቱ ነገር በአጭሩ፣ ሊምኒያ ረግረግ ላይ ከውሃው ወጣ ብሎ ጭቃ ላይም ይኖራል፣ ከሱ የሚወጣው የጉበት ትል እጭ ሣር ላይ ተጣብቆ ከብቱና በጉ ይበላዋል። የጣና ዙሪያ ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ የደጋውም የቆላውም የጉበት ትል ሊገኝ ይችላል፣ ሁለቱን የሚያስተላልፉት የሊምኒያ ዓይነቶች ደግሞ በዛጎል መጠንም በቅርጽም ይለያያሉ። ስለዚህ ይሄ ልኬት የሰው ጤና ሥራ ብቻ አይደለም፣ የእንስሳት ሐኪሞችም ያስፈልጋቸዋል፣ አብረው ቢወጡ አንድ መኪና ይበቃቸዋል።

አሁን የምጠይቀውን ልጠይቅ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እኮ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ባለሙያ ወደ ገጠሩ ወጥቶ እንዲሠራ ተብሎ ነው፣ ሳንጃ አካባቢ በተደረጉ ጥናቶችም ተማሪዎች ላይ ቢልሃርዚያ በጣም በዝቶ መገኘቱ ታውቋል፣ ዕውቀቱ በእጃችን ነው። የጎደለው ጥናቱ ካለቀ በኋላም የሚቀጥል፣ ክረምት ከበጋ የማይቋረጥ ልኬት ነው። ሃይስኩሎች ይህን ሊሠሩት ይችላሉ፣ አንድ ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ይዞ፣ በወር አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ ለአንድ ዓይነት ጊዜ ለምሳሌ ለ30 ደቂቃ በወንፊት ሰብስቦ፣ የውሃውን ሙቀት፣ ሣር መኖር አለመኖሩን፣ ሰው ምን እንደሚሠራበት ጽፎ፣ ዛጎሉን ለክቶ። የተገኘው ባዮምፋላሪያ ውስጡ እጭ መኖሩን ማየት ደግሞ የላብራቶሪ ባለሙያ ሥራ ነው፣ ክሎሪን የሌለው ውሃ ውስጥ ከቶ ብርሃን ላይ አስቀምጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፣ ተማሪ እሱን መንካት የለበትም።

ከጋዜጣችሁ የምፈልገው ይሄን ነው፤ ቁጥሩ ሲሰበሰብ በወር አንዴ ትንሽ ቦታ ስጡን፣ ቀሃ ይሄን ያህል፣ አንገረብ ይሄን ያህል፣ ጎርጎራ ይሄን ያህል፣ ትንንሾቹ በዝተዋል ወይም ቀንሰዋል፣ በዚህ ወር እዚህ ቦታ ልጆች አይግቡ ብላችሁ አውጡ። የመገጭ መስኖ ጉዳይ የሚመለከታቸውን አካላትም ስለ ቀንድ አውጣው ምን አስባችኋል ብላችሁ ጠይቁልን፣ እናንተ ስትጠይቁ ይመልሳሉ። መለካት የሚፈልጉ መምህራን በጋዜጣው በኩል ቢጽፉልኝ የመመዝገቢያ ቅጹንና አለካኩን በደስታ አካፍላለሁ፣ ካሊፐር የሌለው ትምህርት ቤት ካለም ተራ በተራ እንዋዋሳለን፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው መቀነስ ሲጀምር በጥቅምት ብንጀምር የመጀመሪያዎቹን ትንንሾች እንደርስባቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የባዮሎጂ መምህር፣ ከጎንደር